የተሰበረ ስፖኪዮና የመኸር ጭነት፦ በቤት የሚጠገነውና የማይጠገነው

የመኸር ሰብል ከአውድማ ተነስቶ ወደ ገበያ በሚጓዝባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የገጠር መንገዶቻችን የዓመቱን ከባድ ጭነት ያስተናግዳሉ። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የጫኑ አይሱዙዎች ከቀበሌ መጋቢ መንገዶች ወደ ዋናው አስፋልት ይወጣሉ፤ ጭድ የቆለሉ ትራክተሮች ተጎታቻቸውን እየሳቡ ከከብት መንጋ ጋር መንገድ ይጋራሉ፤ ባጃጆች ሰውም ኩንታልም ጭነው በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ጥቂት የማይባሉት አንዱ ስፖኪዮ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ሁለቱም የሏቸውም። ካላቸውም መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ክንዱ በሽቦ የታሰረ፣ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቀደደ ላስቲክ የተጠቀለለ ሆኖ ይታያል።

የጎን መስታወት መሰበር ከሰብል ዋጋ፣ ከማዳበሪያ አቅርቦትና ከመንገድ ብልሽት አጠገብ ሲቀርብ ቀላል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ዕቃ ለምን ሳይተካ እንደሚቆይ፣ ማን በእጁ እንደሚጠግነው፣ ጥገናውም ምን ያህል እንደሚታመን መመርመር የገጠሩ ትራንስፖርት በምን ዓይነት ኢኮኖሚ ላይ እንደቆመ ያሳያል። ጥያቄው የአካል ጉዳትና የሞት ጥያቄም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከዐሥሩ ዘጠኙ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር ሟቾቹ በአብዛኛው ስፖኪዮው ሊያሳያቸው ይገባ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

መኪናውን የማያቆም ብልሽት

የጭነት መኪና ባለንብረት ገንዘብ ሲያጥረው ጥገናን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ እና የሞተር ዘይት ከፊት ይሰለፋሉ፤ እነዚህ ካልተሟሉ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ ወይም ተንቀሳቅሶ አይቆምም። ስፖኪዮ ግን ተሰብሮም መኪናው ይሄዳል። ጭነቱ ይደርሳል፤ የኪራዩ ሒሳብ ይከፈላል። ጉዳቱ ዕለት ዕለት ስለማይታይ የስፖኪዮ ተራ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ሥራ ውስጥ የሚደረግ፣ በራሱ መንገድ የታሰበበት ስሌት ነው። የስሌቱ ችግር ወጪውን የሚከፍለው ስሌቱን የሚሠራው ሰው አለመሆኑ ነው።

በዚህ ላይ የመለዋወጫ ዋጋ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ እስከዚያ ዕለት በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ተመን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እርግጥ ነው፣ ብዙ አስመጪዎች ከዚያ በፊትም ምንዛሪ የሚያገኙት በትይዩ ገበያ ስለነበር የመለዋወጫ ዋጋ ከይፋዊው ተመን ቀድሞ ንሮ ነበር፤ ጭማሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ በክፍለ ሀገር ከተሞች ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች በግልጽ ይታያል። አስመጪው ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሙሉውን ስፖኪዮ ከነሽፋኑና ከነክንዱ ነው። የተሰበረው መስታወቱ ብቻ፣ ወይም የላላው አንዲት ሞላ ብቻ ቢሆንም ገዢው ሙሉውን እንዲገዛ ይገደዳል። የሚያስፈልገው ትንሽ፣ የሚሸጥለት ትልቅ ሲሆን ሽቦና ማስቲሽ ተመራጭ ይሆናሉ።

የተሽከርካሪ ፖሊሲያችንም በተዘዋዋሪ ወደዚሁ አቅጣጫ ይገፋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ የጣለው አሮጌ መኪኖች እንዳይበዙ በማሰብ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም አውቶሞቢሎችን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተወሰነ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው ከ2016ቱ የምንዛሪ ማሻሻያ ጋር ነው። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው። ሆኖም ቀድሞ የገባውን መኪና ማስወጣት የሚችል ውሳኔ አልነበረም። አዲሱ በተወደደ ቁጥር አሮጌው ይበልጥ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም የጥገና ፍላጎቱ ይጨምራል። ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የሠራ አይሱዙ ፕላስቲኩ በፀሐይ ደርቆ፣ ብሎኖቹ ዝገው፣ የስፖኪዮው ክንድ ደግሞ በኮረኮንች ንዝረት በልቶ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

የቀኙ ጎን

በአገራችን ተሽከርካሪ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መሪው በግራ ነው። ይህ ቀላል እውነታ የሁለቱን ስፖኪዮዎች ጠቀሜታ ይለያየዋል። አሽከርካሪው በግራ በኩል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ማየት ይችላል። በቀኝ በኩል ግን ከእሱ ወዲያ ሰፊ የጋቢና ወንበር፣ የተቀመጡ ሰዎችና በር አሉ፤ ያለ መስታወት የሚያየው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በገጠር መንገድ ደግሞ ሕይወት ያለው በዚያው በቀኝ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ ጭነት የያዙ አህዮች፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ሕፃናት፣ በጋሪና በብስክሌት የሚጓዙ ሁሉ የሚሄዱት በዚያ ነው። ተሳፋሪም የሚወርደው በቀኝ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ቶሎ የሚሰበረውም ይኸው የቀኙ ስፖኪዮ መሆኑ ነው። ወደ አርሶ አደሩ ደጅ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍና የእሾህ አጥር ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና ለማሳለፍ ጠርዝ ሲይዙ ቅርንጫፉ የሚመታው የቀኙን ክንድ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይበልጥ ይጎዳል፤ አሽከርካሪው በየደቂቃው ስለማያየው ደግሞ መሰበሩ ብዙም አያሳስበውም።

ታዲያ ያ መስታወት ሲጠፋ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ረዳቱ ነው። የገጠር ጭነት መኪና የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ወጣት በቀኙ በር ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ላሜራውን በመዳፉ እየደበደበ፣ «ና! ና! ቁም!» እያለ መኪናውን ይመራል። ወደ አውድማ ወደ ኋላ ሲገባ ከመኪናው ጀርባ ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ይህ ልማድ በራሱ ጥሩ ነው፤ መስታወት ያለውም መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሰው ቢያስጠብቅ ይመረጣል። ነገር ግን መኪናው በፍጥነት ላይ እያለ ረዳቱ የጎደለውን መስታወት ለመተካት ከበሩ ውጭ ሲንጠለጠል፣ ባለንብረቱ ያላወጣው ገንዘብ በወጣቱ አካል እየተከፈለ ነው ማለት ነው። ስለ ስፖኪዮ የምናነሣው ክርክር ዋናው ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነው።

ቁጥር ማስላቱም አይከብድም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው መስታወት ስለሌለው ዞሮ ለማየት ሁለት ሴኮንድ ቢወስድ፣ ከ40 ሜትር በላይ ፊቱን ሳያይ ተጉዟል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው የዓባይ በረሃ መንገድ ይህን ማሰብ ያስፈራል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚያ ጥምዝምዝ፣ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከባድ መኪኖች በዝቅተኛ ማርሽ ሲያዘግሙ ትንንሾቹ ሊቀድሟቸው ከኋላቸው ይወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ የግራው መስታወት የሌለው ሹፌር ማን እንደሚቀድመው የሚያውቀው ጎኑ ከደረሰ በኋላ ነው።

በእጅ የሚሠራው

በቤት ወይም በመንደር የሚደረግ ጥገና በጅምላ ሊወገዝ አይገባም። ብዙው የስፖኪዮ ብልሽት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊያስተካክለው የሚችል ነው። አስፈላጊው ነገር መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ መለየት ነው፤ ክንዱ ላልቷል፣ መስታወቱ ከመቀመጫው ተነሥቷል፣ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ወይስ ሽፋኑ ተሰንጥቋል? አራቱ አራት የተለያየ መፍትሔ አላቸው። ሁሉንም በአንድ ማስቲሽ ለማዳን መሞከር የተለመደው ስሕተት ነው።

በጭነት መኪና ላይ ከሁሉ የሚበዛው የክንድ መላላት ነው። የአይሱዙ ዓይነት መኪና መስታወት የሚቀመጠው በብረት ቱቦ ክንድ ላይ በማጥበቂያ ተይዞ ነው። ማጥበቂያው በንዝረት ይላላል፤ ሹፌሩ በየጊዜው ያጠብቀዋል፤ ብሎኑ ጥርሱ እስኪበላ ድረስ። እዚህ ላይ ጥሩው ዘዴ ደጋግሞ ማጥበቅ አይደለም። ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ በቱቦውና በማጥበቂያው መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ማልበስ፣ ከዳዶው ሥር የሞላ ሮንዴላ ማስገባት፣ ከተገኘም ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ መጠቀም ይገባል። ላስቲኩ ንዝረቱን ይውጣል፤ ሮንዴላው ዳዶው ወደ ኋላ እንዳይዞር ይይዘዋል። ከውጭ በተጠቀለለ ላስቲክና በማጥበቂያው ውስጥ በገባ ላስቲክ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ስብራቱን ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ያስወግዳል።

ክንዱ ራሱ ከተሰበረ ብየዳ ያስፈልጋል። ይህ የብየዳ ቤት ሥራ ነው፤ ሆኖም ክንዱን ከመኪናው ነቅሎ መውሰድ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ መበየድ፣ በተለይ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ሊጎዳ ይችላል። ሊነቀል ካልቻለ ቢያንስ የባትሪው ገመድ ይፈታ።

በቤት አውቶሞቢሎችና በሚኒባሶች ላይ ደግሞ መስታወቱ ብቻ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲንቀጠቀጥ ይገኛል። የብዙዎቹ መስታወት በጀርባው ባለ የፕላስቲክ ሳህን አማካይነት በመያዣ ጥርሶች ተሰክቶ ይቀመጣል። ጥርሶቹ ካልተሰበሩ ፕላስቲኩን በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሶ፣ መዳፍን በጨርቅ ሸፍኖ መሐሉን እኩል መግፋት ይበቃል፤ ቦታውን ሲይዝ ድምፅ ያሰማል። ጠርዙን መግፋት ግን መስታወቱን ይሰብራል። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ብዙዎች ወዲያው ሱፐር ግሉ ያነሣሉ። ይህን ማጣበቂያ አልመክረውም። ቶሎ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ የኮረኮንች ንዝረት ይሰነጥቀዋል፤ ወደ መዞሪያው ኳስ ከፈሰሰም መስታወቱ ዳግመኛ እንዳይስተካከል አድርጎ ያደርቀዋል። አንድ መኪና በሁለት ሹፌሮች ሲነዳ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ሆኖ፣ የማይንቀሳቀስ መስታወት ለአንዳቸው ሰማይ ብቻ ያሳያል።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ሲደርቅም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሲልኮን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ሲልኮን ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካለው፣ በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ይለቃል ማለት ነው። አሲዱ የመስታወቱን ጀርባ የብር ቅብ ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ከጠርዝ ጀምሮ ይስፋፋል። ስለዚህ ሽታ የሌለውን ዓይነት መጠየቅ፣ ወይም ባለ ሁለት ገጽ የስፖንጅ ፕላስተር መጠቀም ይሻላል። ከመለጠፉ በፊት ሳህኑም መስታወቱም ከዘይትና ከአቧራ መጽዳት፣ ከተለጠፈም በኋላ ሌሊቱን ሳይነካ በፕላስተር ታስሮ ማደር አለበት። ጠዋት ለጭነት የተቀጠረ መኪና ማታ አራት ሰዓት ላይ ቢለጠፍ ኮረኮንቹ ገና ሳይደርቅ ያራግፈዋል።

የተሰነጠቀ ሽፋን በአንጻሩ ለዓይን እንጂ ለደኅንነት ብዙም አያሳስብም። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በጋለ ምስማር ትንሽ ቀዳዳ ቢበጁለት መስፋፋቱን ያቆማል፤ ከውስጥ በኩል በቀጭን ሽቦ መስፋትም ይቻላል። ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባና ሽቦዎችን እንዳያዝግ መዝጋት ይበቃል።

ጠፍጣፋ መስታወት

አስቸጋሪው ክፍል መስታወቱ ራሱ ሲሰበር ነው። በየከተማው መስታወት ቆራጮች አሉ። የተሰበረውን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስለው፣ ከመስኮት ወይም ከመልክ ማያ መስታወት በዚያው ልክ ቆርጠው ይሰጣሉ። ዋጋው ከአዲስ ስፖኪዮ ጋር አይወዳደርም፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግሩ የሚቆረጠው መስታወት ጠፍጣፋ መሆኑ ነው።

የመኪና የጎን መስታወት፣ በተለይ የቀኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ በጥቂቱ የጎበጠ ነው። መጎበጡ ነገሮችን አሳንሶ ያሳያል፤ በለውጡ ግን እጅግ ሰፊ ቦታን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ጠፍጣፋው በተቃራኒው ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ያሳያል፤ የሚያሳየው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ጎባጣው በጠፍጣፋ ሲተካ መኪናው መስታወት ያለው ይመስላል፤ ቀድሞ ይታይ የነበረው አህያ ነጂ ግን ከእይታ ውጭ ሆኗል። ሌላም አለ፤ ለጎባጣው የለመደ ሹፌር ዓይን ትንሽ የሚታየውን ሩቅ አድርጎ መገመትና ማረም ተምሯል። አንዱ ጎን ጠፍጣፋ ሌላው ጎባጣ ሲሆን የርቀት ግምቱ ይዛባል።

ይህን ለመፈተሽ ጋራዥ አያስፈልግም። አሽከርካሪው በመቀመጫው ይቀመጥ፤ መስታወቱን የራሱ መኪና ጎን በውስጠኛው ጠርዝ በጭላንጭል ብቻ እንዲታይ፣ አድማሱም መሐል ላይ እንዲውል አድርጎ ያስተካክል። ከዚያ ሌላ ሰው ከመኪናው ኋላ ተነሥቶ በቀኙ ጎን፣ አንድ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ይራመድ። በመስታወቱ ውስጥ የጠፋበትና በመስኮቱ በኩል በዓይን የታየበት ቦታ በድንጋይ ምልክት ይደረግ። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው የማይታየው ቦታ ነው። አዲስ በተቆረጠው መስታወትና ባልተነካው በሌላው ጎን ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል፤ የግራው በተፈጥሮው ለሹፌሩ ስለሚቀርብ ልዩነት ይኖራል፤ ልዩነቱ እጅግ ከሰፋ ግን ያ ጥገና አልሠራም።

የተሻለው አማራጭ ከሌላ መኪና የተገኘ ትልቅ ጎባጣ መስታወት ላይ አስፈላጊውን ቅርጽ ማስቆረጥ ነው። የጭነት መኪና መስታወት ለትንሽ መኪና ይበቃል። ይህ ካልተገኘ በጠፍጣፋው ጥግ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ክብ ጎባጣ መስታወቶች ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ። በጣም ስለሚያሳንሱ ርቀት ለመገመት አይሆኑም፤ «ሰው አለ ወይስ የለም» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይሰጣሉ። ሥራው ሲሠራ ስባሪው ከመነቀሉ በፊት ሙሉውን በፕላስተር መሸፈን፣ ጓንት ማድረግና ዓይንን መከለል ግድ ነው፤ መስታወቱ የሚሞቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያሉት ሁለት ሽቦዎች ሳይበጠሱ መፈታት አለባቸው።

እዚህ ላይ የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን የሚገቡበት ቦታ ይታየኛል። መስታወትን ማጉበጥ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ ጠፍጣፋውን በሻጋታ ላይ አድርጎ ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ቀስ ብሎ ማሞቅና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ጀርባውን መቀባት ነው። ምድጃው ዋጋ አለው፤ ለአንድ መስታወት ቆራጭ አቅም ከባድ ነው፤ ለአንድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ግን የማይደፈር አይደለም። ለሁሉም መኪና መሥራት አያስፈልግም። በመንገዳችን ላይ የሚበዙት የጭነት መኪና ዓይነቶች ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሦስት ቅርጽ ብዙውን ፍላጎት ይሸፍናል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የራሳቸው መኪኖች ስላሏቸው የመጀመሪያ ደንበኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምርመራውና ገበያው

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ይደነግጋል፤ በተለምዶ «ቦሎ» የምንለው ከዚህ ምርመራ በኋላ የሚለጠፈውን ምልክት ነው። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ስፖኪዮ የሚሰበረው በቀሩት ቀናት ነው። ለምርመራው ዕለት ብቻ መስታወት ተውሰው የሚቀርቡ መኪኖች እንዳሉ በአሽከርካሪዎች ዘንድ እንደ ቀልድ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ መስታወት መኖሩን ብቻ የሚያይ ምርመራ ለዚህ ዓይነት ብልጠት በር ይከፍታል። ክንዱን በእጅ ይዞ መነቅነቅና ጎባጣ ይሁን ጠፍጣፋ መለየት ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ለሁለተኛው መሣሪያም አያሻም፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ መስታወቱ ላይ ሲጋደም ጫፎቹ ከተነሡ ጎባጣ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የባለንብረቱን የገዛ ስፖኪዮ አይተካም፤ የሚሸፍነው በሌላው ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው። ይህ ማለት ባለንብረቱ ለመከላከል ከኪሱ ያወጣል፤ ጉዳቱ ከደረሰ ግን መድኑ ይጋራዋል። አሠራሩ የታሰበበት ዓላማ ትክክል ቢሆንም በገንዘብ በኩል የሚሰጠው መልእክት ግን የተገላቢጦሽ ነው።

የስርቆቱ ነገርም አለ፤ ባጭሩ እናንሣው። በከተሞች የቆመ መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ መገኘቱ የቆየ ችግር ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ሌባውም ያተርፋል፤ የተሰረቀበትም ሰው ርካሹን ፍለጋ ወደዚያው ገበያ ይሄዳል። የሌባ ዕቃ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ መታወቅ አለበት። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደረሰኝ ቢጠይቅ የሚጠቅመው ራሱን ነው።

ትራክተርና ባጃጅ

በግብርና ኮሌጅ ስለ ትራክተር የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው በሞተሩ፣ በሃይድሮሊኩና በማረሻው ላይ ያተኩራል። በእርሻ ላይ ይህ ትክክል ነው፤ ኦፕሬተሩ ማረሻውን ለማየት ዞሮ ይመለከታል እንጂ መስታወት አይሻም። ነገር ግን የትራክተር ኪራይ አገልግሎት እየተስፋፋ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ከቀበሌ ቀበሌ በአስፋልት ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ተጎታች ሲስብ ጭነቱ ከኦፕሬተሩ ራስ በላይ ነው። በዚያ ጊዜ ዞሮ ማየት ጭድ ማየት ነው። ለተጎታች ሥራ የሚያገለግል መስታወት ክንዱ ከጭነቱ ስፋት ውጭ የሚወጣ መሆን አለበት፤ ይህንንም ማንኛውም ብየዳ ቤት ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ ሊሠራው ይችላል። እርሻ ሲገባ ታጥፎ፣ መንገድ ሲወጣ ተዘርግቶ በፒን እንዲቆለፍ ቢደረግ ቅርንጫፍም አይሰብረውም።

ባጃጅ ላይ ያለው ችግር የተለየ ነው። መስታወቱ ርካሽ ነው፤ በቀላሉም ይገኛል። ሆኖም በጠባብ ቦታ ለመሽሎክሎክ ሲባል ነቅለው የሚያስቀምጡት፣ ወይም ወደ ውስጥ አዙረው ተሳፋሪ የሚመለከቱበት አሉ። እዚህ ላይ የመለዋወጫ ዋጋ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ጉዳዩ የቁጥጥርና የማኅበራቱ ነው። ባጃጆች በማኅበር የተደራጁ በመሆናቸው ወደ ተራ ከመግባታቸው በፊት ተራ አስከባሪው ሁለቱን መስታወቶች ቢመለከት ተጨማሪ ወጪ የለውም።

አሁን ወደ አገር የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሌላ ጥያቄ ይዘው እየመጡ ነው። ስፖኪዮዎቻቸው በሞተር የሚታጠፉ፣ በብዙዎቹም ካሜራና የማስጠንቀቂያ መብራት የተገጠመላቸው ናቸው። አንዱን ሽቦ በስሕተት መበጠስ መስታወቱን ብቻ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱንም ያበላሻል። ካቻቢቴና ከመነዳሪ የሚበቃቸው አይሱዙዎች ገና ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ጎን ለጎን ይነዳሉ፤ የክፍለ ሀገር ጋራዦች ሁለቱንም መጠገን ይጠበቅባቸዋል። በዚህ የመኸር ወቅት ግን ጥያቄው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ነገ ጠዋት ኩንታል ጭኖ ከአውድማ የሚወጣው መኪና የቀኝ መስታወት በእጅ ሲነቀነቅ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?